ልቤ ኮሪያ፣ እኔ ዳንግላ

እናቴ እኔን የምትገሥጽበት አንድ ቃል ነበራት። ደብተሬን ትምህርት ቤት ረስቼ ስመጣ «ልብ ግዛ!» ትለኛለች። የእንግዳ ጠላ ስደፋ «ልብ ግዛ!»። መዝረክረኩ ሳድግ ይተወኛል ብላ ነበር፤ አልተወኝም። እንዲህ ስትለኝ ኖራ ኖራ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ልብ የማበቅል ሰው ሆኜ አረፍኩት። ቀልድ አይደለም፤ ሥራዬ ነበር።

የምነግራችሁ የአንድ ጠዋት ጉድ ነው። ጀምሮ እስኪያልቅ ምሳ ሰዓት አልደረሰም። እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሲመጣብኝ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ራቅ ይላል።

ይበልጣል እባላለሁ። የተወለድኩት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ የተማርኩት እንጅባራ ነው። ያኔ ኮሪያ የዶክትሬት ተማሪ ነበርኩ። ቤተ ሙከራችን የሚሠራው ስቴም ሴል በሚባሉ ህዋሶች ላይ ነው። ስቴም ሴል ማለት ገና ምን እንደሚሆን ያልለየለት ህዋስ ነው፤ ቆዳም፣ ነርቭም፣ ልብም ሊወጣው ይችላል። ከሰው ደም ይወሰድና ወደ ልጅነቱ እንዲመለስ ይደረጋል። ከዚያ በትንሽ ሳህን፣ እንደ ሰውነታችን በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። በየቀኑ ምግቡ ይቀየርለታል። ሲደርስ አንድ ቅመም እንሰጠዋለን፤ ትንሽ ቆይተን ደግሞ የዚያኛውን ሥራ የሚያስቆም ሌላ ቅመም። ነገሩ ከሰመረ የልብ ጡንቻ ይሆንና፣ ማንም ሳያዘው መምታት ይጀምራል። ካልሰመረ ሳህኑ ላይ ተኝቶ ዝም ብሎ ያይሃል። የእኔ ሁለት ጊዜ ተኝቶ አይቶኛል።

ሦስተኛውን ስጀምር ደሙ የራሴ ነበር። ጥናቱ ፈቃደኞች ሲፈልግ እኔም እንደ ሌላው ሰው ፈርሜ ሰጥቻለሁ። በሳህኑ ክዳን ላይ ከቁጥሩ ጎን በአማርኛ «ልቤ» ብዬ ጻፍኩበት። አብራኝ የምትሠራው ሚንጂ የምትባል ኮሪያዊት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እንዴት እንደሚነበብም አስተማርኳት። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ጉድ ታፈላለች።

አሁን ወደ ትርሲት ልውሰዳችሁ። ትርሲት ዳንግላ ነርስ ናት። እንጅባራ አብረን ስንማር ጀምሮ እወዳታለሁ፤ እሷም ትወደኛለች። ችግሩ አባቷ ነበሩ። አቶ አላምረው ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ጨዋ፣ ቁጥብ፣ የጡረታ ሰው ናቸው። ብቻ «ውጭ አገር» የሚል ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። ምክንያት አላቸው። የትርሲትን ታላቅ እህት ያጨ ሰው «ተምሬ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። መጀመሪያ መደወሉን አራራቀ፣ ቀጥሎ ጭራሽ ድምፁን አጠፋ። ልጅቱ ዓመታት ጠበቀችው፤ አባቷ ያንን እያዩ ከረሙ። ስለዚህ የእኔ ሽማግሌዎች መጀመሪያ ሲሄዱ «ላስብበት» አሉና ለመልሱ ቀን ቆረጡ። «ያን ቀን ልጁ አገር ውስጥ ከሌለ ግን አታድክሙኝ» የሚል ጨመሩበት።

ቀኑ የሳህኔ ልብ መምታት ካለበት የሚመታበት ሰሞን ላይ ወደቀ። ምን ይደረጋል? ልቤን ለሚንጂ አደራ ሰጥቼ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ከሦስቱ ሽማግሌዎች ጋር ከእንጅባራ ሚኒባስ ተሳፈርን። የእናቴ ወንድም አያ ውበቱ አጠገቤ ተቀመጠ። አያ ውበቱ ገበሬ ነው፤ ቤቱ የሚወራው አገውኛ ነው፤ በየትኛውም ቋንቋ ግን ውሸት አይሆንለትም። ከፊታችን መሪጌታ ስሜነህ ነበሩ፤ ንግግር የሚያምርባቸው፣ አፈ ጉባኤያችን። ሦስተኛው ጎረቤታችን አያ ደሴ ናቸው። የአያ ደሴ ሥራ ሌሎቹ የተናገሩትን «እውነት ነው» እያሉ ማጽናት ነው። ከዚያ ሌላ ቃል አያወጡም፤ ለሽምግልና ግን ክብደት አላቸው።

ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ የአንድ ተሳፋሪ ከሰል ጣሪያው ላይ ሊጭን ቆመ። አያ ውበቱ ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ የዞረው።

«እስቲ እንደገና ንገረኝ። ሥራው ምንድን ነው ቢሉኝ ምን ልበል?»

«ልብ ያበቅላል በላቸው።»

«ከምን?»

«ከደም። ደሙ ገና ልብ ያልገዛ ህዋስ ይሆንና፣ እያበላን እያሞቅን ልብ እናስገዛዋለን።»

«ከማን ደም?»

«ከራሴ።»

አያ ውበቱ ደረቴን አየት አደረገው። «ታዲያ ይኼኛውሳ?»

«ይኼኛውማ እዚሁ አለ። ኮሪያ ሳህን ላይ ያለው ሌላ ነው።»

«እህ! ሁለት ልብ ነው እንዴ ያለህ?»

መሪጌታ ከፊት ወንበር እንደ ጅራፍ ዞሩ። «ውበቱ! እዚያ ቤት ገብተህ ሁለት ልብ ብትል አልምርህም! ለሚያገባ ልጅ ሁለት ልብ ይባላል?»

«እውነት ነው» አሉ አያ ደሴ።

አያ ውበቱ ትንሽ አሰበ። «ደግ» አለ፤ «ስለ አንዱ ብቻ እናገራለሁ።»

ስለ የትኛው እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅነውም።

ዳንግላ ወርደን ጋሪ ያዝን። ሽማግሌ የላከ ሰው ደጁ ላይ አይታይም፤ ስለዚህ ሦስቱን ከአቶ አላምረው በር አጠገብ አወረድንና፣ እኔ ከነጋሪው ማዶ ጥግ ላይ ቀረሁ። ባለጋሪው ወሬ የሚወድ ሰው ነበር። ፈረሱ ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት።

«አንተ ነህ ሙሽራው?» አለኝ ባለጋሪው።

«እስኪፈቀድልኝ ድረስ አይደለሁም።»

«ቆመው ነው ወይ የሚነጋገሩት?»

«ቆመው ነው። እሺ እስኪባሉ አይቀመጡም።»

«እንግዲያው ቶሎ ይቀመጡልህ» አለ። በአገራችን ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ አልቋል ማለት ነው፤ ትርሲትም ይህን ስለምታውቅ ከጓዳ ሆና በስልክ መልእክት ትልክልኝ ጀመር። «ቆመዋል» አለች በመጀመሪያው። «አሁንም ቆመዋል» አለች በሁለተኛው። ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ እየተቀባበሉ ነግረውኛል። አቶ አላምረው ሰላምታው ካለቀ በኋላ እንዲህ አሉ።

«መሪጌታ፣ ዘሩንም ምግባሩንም አጠያይቄአለሁ፤ ነውር አላገኘሁበትም። ና ባልኩት ቀንም መጥቷል። ገላው መጣ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልቡስ? ልቡ የት ነው ያለው?»

ጥያቄው የተጠበቀ ነበር። መሪጌታ ለዚህች ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ነው የተዘጋጁት። ኩታቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ትንፋሽ ሳቡ። አያ ውበቱ ደግሞ በዚያች ትንፋሽ መሐል፣ ጠዋት ያጠናውን ጥያቄ በመስማቱ ደስ ብሎት መለሰ።

«ልቡስ ኮሪያ ነው ያለው።»

«እውነት ነው» አሉ አያ ደሴ።

«ኮሪያ?» አሉ አቶ አላምረው።

«አዎ ጌታው፣ አያስቡ፤ ደህና ቦታ ነው ያለው። አንዲት የዚያው አገር ልጅ በየቀኑ ታበላዋለች።»

«ልጅ? ሴት ልጅ?»

«ሴት ናት። እንክብካቤዋንማ ሲያወራልኝ ይገርማል! ሙቅ ቦታ ነው የምታኖረው።»

«እውነት ነው።»

መሪጌታ አያ ውበቱን በክርናቸው ጎሸሙት፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። «ጌታው፣ ሳይንስ ነው፣ ሳህን ነው» ሲሉ አቶ አላምረው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመ ድምፅ ነበር አሉ። «አንዷ ልጄ ልቡ የሸፈተ ሰው ጠብቃ አይቻለሁ። በሁለተኛዋ አልደግመውም። ልቡ ያለበት ያግባ። በሰላም ግቡ።»

በዚህ መሐል እኔ ማዶ ኔትወርክ አጥቼ ስልኬን እንደ ጸበል ጠርሙስ ወደ ላይ ይዤ እዞራለሁ። ባለጋሪው «እዚህ ሰፈር ከፍ ካላልክ አይይዝም፤ ጋሪው ላይ ቁም» አለኝ። ወጥቼ ወንበሩ ላይ ቆምኩ። ስልኬ ሁለቴ አከታትሎ ጮኸ።

አንዱ ከትርሲት ነው። «ልቡ ኮሪያ ነው ብለዋል። ሴት ታበላዋለች ብለዋል። አለቀልን።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሁለተኛውን አየሁ፤ ከሚንጂ የመጣ ቪዲዮ። በዚያች ሰዓት ልከፍተው አልፈለግኩም ነበር፤ ጣቴ ከፈተው። መጀመሪያ ዝም ያለ ነጣ ያለ ነገር ታየኝ፤ ያው እንደ ወትሮው ተኝቶ ሊያየኝ ነው አልኩ። ከዚያ ጥግ ላይ አንዲት ቁራጭ ጭብጥ አለች። ለቀቅ አለች። ደግማ ጭብጥ። ጎረቤቷ ተከተለቻት፤ ከዚያ ሜዳው ሁሉ አንድ ላይ። ትር፣ ትር፣ ትር። የእኔ ደም! ማንም ሳይነካው! እዚያ ማዶ ያለ እኔ ይመታል!

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። «መታ! መታ! መታ!»

ባለጋሪው ተደናግጦ ዘለለ። «ማንን መታ? ማን መታ?»

ቦራ ግን ማብራሪያ አልጠበቀም። ጋሪው ላይ የቆመ እብድ «መታ» እያለ ሲጮህ አለንጋው የመጣበት መሰለውና ፈተለከ። እኔ በአንድ እጄ ስልክ፣ በአንድ እጄ የጋሪውን ብረት ይዤ፣ ባለጋሪው ከኋላ «ኧረ ቦራ! ኧረ በሥላሴ!» እያለ፣ መንገዱን ተሻግረን ሽማግሌዎቼ አንገታቸውን ደፍተው በሚወጡበት በር ላይ ገጭ ብለን ቆምን። ፈረሱ እንኳ የት መሄድ እንዳለብኝ ያውቅ ነበር።

«መጣ! ልጁ ራሱ መጣ!» አለ አያ ውበቱ።

መሪጌታ ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። አቶ አላምረው ከደጃፋቸው ቆመው አዩኝ። ዘልዬ ወረድኩ፤ ይቅርታ ልጠይቅ፣ ዝቅ ብዬ እጅ ልነሳ አሰብኩ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ ልቤ መታ!»

«የሁሉም ሰው ይመታል» አሉ።

«ይኼኛው አይመታም ነበር! ይዩት! በሞቴ ይዩት!» ስልኩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አወጡ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አደረጉ። ቪዲዮውን ነክቼ አስጀመርኩት። የመጀመሪያውን ጊዜ የከፈትኩት ድምፁን ዘግቼ ነበር። አሁን ጣቴ የድምፁን ቁልፍ ነክቶት ነው መሰለኝ፣ ድምፁ መንደሩን ሞላው። የሴት ድምፅ ነው፤ እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ በተሰባበረ አማርኛ፦

«ልቤ! ልቤ! ልቤ! ልቤ!»

አቶ አላምረው ቀስ ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

ያን ጊዜ መሬት ብትከፈት ኖሮ እገባ ነበር። ያዳነችኝ ትርሲት ናት። ከጓዳ ወጥታ በአባቷ ትከሻ ላይ አጮልቃ አየች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። እንዲህ ስትስቅ ከተማሪነታችን ወዲህ አይቻት አላውቅም፤ ግድግዳ ያዘች።

«አባባ! ክዳኑ ላይ የጻፈውን እኮ ነው የምታነበው! ነግሮኛል! ሳህኑን ነው ልቤ የምትለው!»

«እውነት ነው» አሉ አያ ደሴ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

አቶ አላምረው አልሳቁም። «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዩት፤ ሲያዩት ሳያውቁት ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ ሄዶ ነበር። ባለጋሪውም ደርሶ በትከሻችን መሐል ያያል።

«ይህ ካንተ ደም ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ማን አዞት ነው የሚመታው?»

«ማንም። ሲደርስ በራሱ ነው።»

ዓይናቸውን ከስልኩ አላነሡም። «እና በዚህ የታመመ ልብ ይጠገናል?»

ሳቁ ሁሉ ቆመ። የትርሲት እናት የሞቱት በልብ ድካም ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን። መሪጌታ ከጀርባቸው ሆነው «አዎ በል» እያሉ በጭንቅላታቸው ይጠቅሱኛል። አንዲት «አዎ» ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር መሰለኝ። ያ የሚርገበገብ ነገር እጃቸው ላይ እያለ ግን መዋሸት አቃተኝ።

«አይ ጋሼ፤ ገና ነው። ሰው ላይ መሞከር የጀመሩ አሉ፤ መቼ እንደሚደርስ ግን አላውቅም። እኔ የምችለው አንድ መድኃኒት ልብ ይጎዳ እንደሆነ እዚህ ላይ ማየት ነው። የባለቤትዎ ልብ ቢሆን ኖሮም ዛሬ መጠገን አልችልም ነበር።»

ዓይናቸው ትንሽ እንባ አቀረረ፤ መነጽሩን አወለቁ። «አንተስ መቼ ትደርሳለህ?»

ለዚህ ጥያቄ እኔም እንደ መሪጌታ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ «እግዜር እንዳለ» የሚል፣ ወዲያም ወዲህም የማያስነካ። ያ ደስታ ግን አፌን ፈትቶት ነበር። «ትምህርቴ እንዳለቀ እመለሳለሁ» አልኩ። «እዚያ ያለው ሳጥንና ማሽን እዚህ የለም፤ ይህንኑ ሥራ ላልሠራው እችላለሁ። አስተምራለሁ። ግን እመለሳለሁ።»

«ያኛውም እንዲሁ ብሎ ነበር።»

«እኔ እኮ እንደ እህቴ አልጠብቅም፣ አባባ» አለች ትርሲት። የሳቅ እንባዋ ገና ከጉንጯ አልደረቀም። «አብሬው እሄዳለሁ፤ አብሬው እመለሳለሁ። ልቡንም እኔ አበላዋለሁ።»

አቶ አላምረው ስልኩን መለሱልኝ። ወደ መሪጌታ ዞሩ። «አዎ ቢለኝ ኖሮ ፈረሱ ይመልሰው ነበር» አሉ። «ይህ ልጅ ልብ ገዝቷል።»

እናቴ እዚያ ብትኖር! ሠላሳ ዓመት የጠበቀችው ቃል ዳንግላ በር ላይ፣ በፈረስ ጋሪ አጠገብ ተነገረ።

አያ ውበቱ ግን ውሸት አይሆንለትም አላልኳችሁም? «የምን መግዛት ጌታው!» አለ። «አብቅሎ ነው እንጂ!»

መጀመሪያ የሳቁት አቶ አላምረው ናቸው። ከዚያ መሪጌታ፣ ከዚያ ባለጋሪው፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። አቶ አላምረው እየሳቁ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። «በሉ ግቡ፤ ግቡና ተቀመጡ» አሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ፤ ተቀመጡ። አያ ውበቱ ሲቀመጥ ወንበሩ ሲንቋቋ እኔ ደጅ ሆኜ ሰማሁት፤ ከዚያ የሚያምር ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ያ ጠዋት ምን ለወጠ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ያን ጊዜ እንደ ስቴም ሴሎቼ ነበርኩ፤ ገና ያልለየልኝ። «ትመለሳለህ?» ሲሉኝ «እናያለን» እላለሁ፤ ለሚስትም ለአገርም ለሥራም ያችው «እናያለን» ነበረች። ያን ቀን በደስታ ስሰክር አፌ ቀደመ፤ ልቤ ተከተለው። በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል ደግሞ አይዋጥም። እናንተም ትልቁን ውሳኔያችሁን ሁሌ ስትረጋጉ ብቻ አትወስኑ፤ አንዳንዴ ጋሪ ላይ ቆማችሁ ስትጮሁ የሚወጣው ነው እውነቱ።

ተጋባን፤ አብረን ሄድን። አማቴ በደወሉ ቁጥር መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ «ልብህስ? በላ?» እያሉ ሳህኑን ይጠይቁ ነበር። ሙከራው አልቆ ሳህኑ ሲወገድ ደብቄ ልተወው አስቤ ነበር፤ ግን ነገርኳቸው። «ነፍስ ይማር» አሉ፤ ከልባቸው ነው። ትንሽ ቆይተው «ዘሩስ?» አሉ። በብርድ የተቀመጠ አለ አልኳቸው። «እንግዲያ ደግ ነው» ብለው ዘጉ።

ትምህርቴ እንዳለቀ አብረን ተመለስን፤ አሁን እንጅባራ አስተምራለሁ። የልብ ጡንቻ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ያንን ቪዲዮ ከነድምፁ አሳያለሁ። «ልቤ! ልቤ!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ እኔም ታሪኩን ሳልናገር አላልፍም። ባለፈው ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ልብዎ አሁን የት ነው?»

«ዳንግላ ናት» አልኳት። «ዛሬ ተረኛ ነች።»